የብሽሽት ንፍፊትና የወንድ ብልት ካንሰር

የገበሬ እግር እሾህ ሲወጋው ወይም ድንጋይ ሲመታው ከጥቂት ቀናት በኋላ በብሽሽቱ ንፍፊት ይወጣል፤ ቁስሉ ሲድንም ይከስማል። ይህን የማያውቅ ስለሌለ፣ በብሽሽት የሚወጣ እብጠት እምብዛም አያስደነግጥም። በብልቱ ላይ የማይድን ቁስል፣ እባጭ ወይም የቆዳ መጠንከር ያለበት ወንድ ግን ንፍፊቱን በዚህ ልማድ ሊያልፈው አይገባም።

የወንድ ብልት ካንሰር በብዛት የሚታይ በሽታ አይደለም። በልጅነት መገረዝ የመያዝ ዕድልን ይቀንሳል፤ የተገረዘ ሰው ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስና ሲጋራ ማጨስ ለበሽታው ያጋልጣሉ። ቦታው የሚያሳፍር በመሆኑ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ወራት የሚያሳልፍ ታማሚ አለ፤ የሚከፈለውም ዋጋ ከባድ ነው።

ካንሰሩ ከብልት ተነሥቶ ሲሰራጭ መንገዱ የታወቀ ነው። ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚፈስበትን መሥመር ተከትሎ በመጀመሪያ በብሽሽት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ቀጥሎም በዳሌ ውስጥ ወዳሉት ይዘልቃል። መሥመሮቹ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለሚያመሩ ሐኪሙ ሁለቱንም ብሽሽቶች ይመረምራል። የታማሚውን ዕድሜ ከምንም በላይ የሚወስነውም ካንሰሩ እነዚህን ዕጢዎች መያዝ አለመያዙ ነው።

ችግሩ እጅ ብቻውን እውነቱን አለመናገሩ ነው። በዳሰሳ የተገኘ እብጠት ቁስሉ በመመርቀዙ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ሐኪሞች ይህን ለመለየት ለሳምንታት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጥተው ይጠብቁ ነበር፤ ዛሬ ይህ መጠበቅ አይመከርም። በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ናሙና ይወሰድና በላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ ነጻ ሆኖ እብጠቱ አሁንም የሚያጠራጥር ከሆነ ናሙናው ይደገማል ወይም ዕጢው ወጥቶ ይታያል።

በተቃራኒው ምንም እብጠት ካልተዳሰሰባቸው 100 ታማሚዎች እስከ 25 በሚሆኑት ላይ በዓይንም በሲቲ ስካንም የማይታይ ጥቃቅን ካንሰር በዕጢዎቹ ውስጥ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል። እብጠቱ እስኪታይ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል በኔዘርላንድ ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የተደበቀው ካንሰር ቀድሞ ከወጣላቸው ሰዎች መካከል 84 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ፤ ዕጢው እስኪያብጥ ከተጠበቀላቸው መካከል ግን 35 በመቶው ብቻ።

ሁሉንም ዕጢዎች ከሁሉም ታማሚ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም። ቀዶ ሕክምናው የቁስል መመርቀዝ፣ የቆዳ መሞትና ዘላቂ የእግር እብጠት ሊያስከትል ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሞፈር ጨብጦ ለሚቆም ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለዚህ አጣብቂኝ መላ የሚሆን ሐሳብ በ1977 ያቀረበው ራሞን ካባኛስ የተባለ ሐኪም ነው። ፈሳሹ መጀመሪያ የሚደርስበት አንድ ዕጢ ካለ፣ እርሱን አውጥቶ በመመርመር የቀሩትን ሁኔታ መገመት ይቻላል። ዛሬ ሰማያዊ ቀለምና አነስተኛ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በዕባጩ ዙሪያ ተወግተው ያ «ዘበኛ» ዕጢ ይፈለጋል። በዚሁ በብልት ካንሰር የተጀመረው ሐሳብ ዛሬ የጡት ካንሰር ሕክምናንም ይመራል። መሣሪያው በሌለበት ሐኪሞች ከፍ ያለ ሥጋት ላለበት ታማሚ በብሽሽት ውስጥ በተወሰነ ክልል ያሉትን ዕጢዎች ብቻ አውጥተው ይመረምራሉ።

ካንሰር በዕጢዎቹ መኖሩ ሲረጋገጥ በዚያ ጎን ያሉት ዕጢዎች በሙሉ ይወጣሉ። በአንድ ጎን ሦስትና ከዚያ በላይ ዕጢዎች ከተያዙ ወይም ካንሰሩ የዕጢውን ሽፋን ጥሶ ከወጣ፣ የዳሌው ዕጢዎችም እንዲወጡ ይመከራል። ዕጢዎቹ ትልልቅ ሆነው ከአካባቢያቸው ጋር ከተጣበቁ ደግሞ አስቀድሞ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፤ እብጠቱ ከቀነሰ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል።

በሽታው የሚመለሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በመሆኑ ክትትሉ በዚያ ጊዜ በየሦስት ወሩ ነው። ታማሚውም በሚታጠብበት ጊዜ ሁለቱን ብሽሽቶች በጣቱ እንዲዳስስ ይነገረዋል፤ አዲስ እብጠት ካገኘ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመለሳል።