ልጄን ማን ይያዝልኝ?

ባለፈው ወር ቡሬ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። ጥግ ያለው ፍራሽ ላይ የ6 ዓመት ልጅ ጋደም ብሏል። አይቀመጥም፣ አይናገርም፤ ዘፈን ሲሰማ ግን ይስቃል። እናቱ ድሮ በገበያ ቀን በርበሬ ትሸጥ ነበር።

«እታለም፣ ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«ወንድምዓለም፣ ልጄን ማን ይያዝልኝ?»

ከተማው ውስጥ አንድ የሕፃናት መዋያ ጠይቃ ነበር። «የሚራመድ ከሆነ አምጪው» አሏት። ግሽ ዓባይ ፀበልም አዝላ ወስዳዋለች። አሁን ልጁ ከብዷታል።

ኢኮኖሚክስ ስማር «ኦፖርቹኒቲ ኮስት»ን በስንዴና በጤፍ ምሳሌ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። አንዱን ስትመርጥ የሚቀርብህ የሌላው ዋጋ ማለት ነው። እዚህ ቤት ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። እናት ገበያዋ ቀረ። ታላቅ እህቱ ደግሞ እናቷ ወፍጮ ቤት ስትሄድ እሱን ልትጠብቅ ከትምህርት ትቀራለች። የዛሬም የነገም ገቢ አብሮ ይሄዳል፤ ማንም ግን «ወጪ» ብሎ አይመዘግበውም።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የበርበሬ ሻጯ መሥሪያ ቤት ግን መደብ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23 ደግሞ ልጆቹ እንዳይደበቁና እንዳይጣሉ፣ ለቤተሰቦቻቸው መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ በጊዜ ይሰጥ ይላል። አዲስ አበባ ያለውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የከፈተችው ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ዘሚ የኑስ ናት። እናት መንገድ ጀምራልናለች፤ ግን ከቡሬ እዚያ ድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔ ትልቅ ሕንፃ አልጠየቅኩም። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ የሠለጠነች ተንከባካቢ፣ ደሞዟ ከወረዳ በጀት። እስከዚያው ደግሞ እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክለን ተራ ገብተን እንውላለን፤ በሕይወት ላለ ልጅስ በሳምንት አንድ ጠዋት ተራ መግባት ያቅተናል?

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ስልኬ ላይ ዘፈን ከፍቼ ከልጁ ጋር ዋልኩ። ቻርጁ እስኪያልቅ ሲስቅ ነበር። እናቱ ከሰዓት በኋላ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ መጣች፤ በርበሬው አልቋል።

የሚቀጥለው ሳምንት ግን እኔ ቡሬ የለሁም።