ባትሪ የሚጨርሰው ወሬው ነው

«ሴንሰር ሌት ተቀን ስለሚለካ ባትሪው አይበረክትም» ይባላል። የጎርፍና የዝናብ መለኪያ ነገር በተነሳ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ስህተት ነው። የአፈር እርጥበት መለካት ኢምንት ኃይል ነው የሚጠይቀው፤ ባትሪውን የሚበላው የለካውን በሬዲዮ ማውራቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ፖቲና ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሰሉት፣ አንድ ኪሎቢት 100 ሜትር ለመላክ የሚወጣው ኃይል ፕሮሰሰሩን 3 ሚሊዮን ትእዛዝ ያሠራዋል።

«እንግዲያው እየተቀባበሉ ይላኩ» የሚሉም አሉ። ቆይ! በዘርፉ በሚዘወተረው ስሌት አንድ ቢት ለመላክም ለመቀበልም 50 ናኖጁል ቋሚ ወጪ አለ፤ ላኪው ላይ ደግሞ በርቀቱ ካሬ የሚያድግ ወጪ ይጨመራል። መልእክቱ መጨረሻ የሚደርስበትን የሰብሳቢ ጣቢያ ወጪ ሳንቆጥር፣ አንድ ቢት 100 ሜትር በቀጥታ ሲላክ 1,050 ናኖጁል ይፈጃል፤ መሀል ላይ አንድ አቀባባይ ከገባ 650 ይበቃል። 20 ሜትር ላይ ግን ይገለበጣል፦ በቀጥታ 90፣ በአቀባባይ 170።

ሌላም ጣጣ አለ። ከሃዲያና ከከምባታ ደጋ ውሃ እየሰበሰበ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቢላቴ ዳር መለኪያዎች ተደርድረዋል እንበል። አጭሩ መንገድ ሁሌ ከተመረጠ የሁሉም መልእክት ለጣቢያው በቀረቡት ጥቂቶች በኩል ያልፋል። እነሱ ቀድመው ይሞታሉ፤ ባትሪያቸው ያልተነካ የሩቆቹ ደግሞ የሚሰማቸው አጥተው ይቀራሉ። ዌንዲ ሄንዘልማንና ባልደረቦቿ በዚያው በ2000 ከኤምአይቲ ያቀረቡት «ሊች» የተባለ ዘዴ የሸክሙን ነገር እንደ ጎረቤት ቡና በተራ አደረገው። መለኪያዎቹ በቡድን ይሆናሉ፤ አንዱ የሌሎቹን መረጃ ሰብስቦ፣ አጠቃሎ ይልካል፤ ቀጥሎ መሪነቱ ለሌላው ያልፋል። ከ100 መለኪያ 5 ያህሉ መሪ ሲሆኑ፣ የኃይል ፍጆታው ከተለመደው ዘዴ እስከ 8 እጥፍ አነሰ።

ይህ ግን የኮምፒውተር ሙከራ ነው፤ ማንኛውም መለኪያ ጣቢያውን በቀጥታ ይደርሰዋል ብሎ ያስባል። መሀል ኮረብታና ውሃ ያዘለ የእንሰት ቅጠል ባለበት አገር ይህ አይታመንም። እኛ የመልእክት መንገድ መረጣ ሰዎች ሲነገረን የማንወደው ሌላም እውነት አለ፦ ሲሲ2420 የተባለው የታወቀ ሬዲዮ ሲያዳምጥ 18.8 ሚሊአምፔር፣ በሙሉ ኃይል ሲልክ 17.4 ይወስዳል። ዝም ብሎ ጆሮ መስጠት ከማውራት አይረክስም። ስለዚህ መለኪያ የምትገዙ የወረዳና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ከባትሪው መጠን በፊት ሬዲዮው በሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚተኛ ጠይቁ።