ማሞቂያው ሲያንጠባጥብ

እኚህ የሦስት ልጆች እናት የሚኖሩት አቃቂ ቃሊቲ ነው። መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ በሞቀ ቁጥር ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። አቃቂ የውሃ አገር ናት፤ አዲስ አበባ ከምትጠቀምበት የከርሰ ምድር ውሃ ብዙው የሚሳበው ከዚያው ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ የቤት እመቤት ግን ጠብታ አትንቅም። ባልዲ ደቅነው ሲያጠራቅሙ ሰነበቱና በመጨረሻ ጥገና ዐዋቂ ነኝ የሚል ጎረምሳ አስጠሩ።

«እትዬ፣ ይኼማ ቀላል ነው፤ በውታፍ እንደፍነዋለን» አላቸው።

ሊደፍነው ሲል በቧንቧ ሥራ የሚተዳደረው የእኅታቸው ልጅ ደረሰ። «ኧረ አክስቴ፣ ይተዉ! የማሞቂያው መተንፈሻ እኮ ነው» ብሎ ውታፉን ከጎረምሳው እጅ ነጠቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀበና እስከ አንገቱ ሞልታ የጣደች ሴት ገና ሳይፈላ ሲገነፍልባት አይታለች፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋልና። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። ጀበና አፍ አለው፤ ማሞቂያው የለውም። መግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ስለሚያግድ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ 8 ባር ገደማ ሲሆን የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ትርፉን ያፈሳል። ይህ መውጫ በተደፈነበት ቤት የሙቀት መቆጣጠሪያው የተበላሸ ዕለት፣ ውሃው ከመፍያው ልክ በላይ እየሞቀ ይታመቃል። በርሜሉ ከፈነዳም ከፊሉ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። የእኚህ እናት ልጆች የሚተኙት ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነው።

በማግስቱ የእኅት ልጅ 5 ሊትር የሚይዝ የማስፋፊያ ታንክ ይዞ መጣ። ሆዱ በጎማ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ባንዱ ወገን እንደ ከመነዳሪ አየር ይሞላል፣ በሌላው በኩል ትርፉ ውሃ ይገባል። በመጀመሪያ የቤቱን የውሃ ግፊት ለካ፤ 3 ባር ሆነ። ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ታንኩ ባዶ ሳለ፣ ከጎሚስታ ቤት በተዋሰው መለኪያና በብስክሌት መንፊያ አየሩን ልክ 3 ባር አደረሰው። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አጠፋ፣ ውሃውን ዘጋ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን አስተነፈሰ። በደኅንነት ቫልቩና በማሞቂያው መካከል ቲ አስገብቶ፣ ጥርሱን በቴፍሎን ጠምጥሞ ታንኩን አሰረ፤ ውሃ ሲገባበት ስለሚከብድም ግድግዳው ላይ በብረት ደገፈው። የደኅንነት ቫልቩን አልነካውም፤ ታንክ ኖረም አልኖረም እርሱ አይነሳም። ኤሌክትሪኩን ያበራው ከሙቁ ቧንቧ አየር ወጥቶ ውሃ ብቻ መውረድ ሲጀምር ነው።

ማሞቂያው ጠፍቶ ሳለም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ቫልቩ ቆሻሻ ይዞ ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቶ ይሆናልና ለታንክ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። ይህን መለየት የወንድ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ባልዲውን በየቀኑ የምትደፋው ማን ሆነችና?

ታንኩ በዓመት አንድ ጊዜ አየሩ ይለካል፤ ከአየር መሙያው ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል ማለት ነው። የእኚህ እናት ባልዲ አሁን ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመልሷል።