የሙዚየም መዝገብና የግንኙነት መረብ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል የታሪክ መምህርንም ይመለከታል። በሙዚየም ያለ አንድ ዕቃ ብቻውን ሲታይ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ከሌሎች ጋር ሲያያዝ ግን ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንዳለፈ ይናገራል።

እያንዳንዱ ሙዚየም የዕቃውን ስም፣ የተገኘበትን ቦታ፣ ያስገባውን ሰውና ዘመኑን የሚይዝ መዝገብ አለው። አንዳንድ ሙዚየሞች ይህን መዝገብ በኮምፒዩተር አስገብተው ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቅደዋል። ክፍት መረጃ የሚባለውም ይኸው ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ375,000 በላይ ምስሎችን ለሕዝብ ለቋል።

የመረብ ጥናት ዕቃውን፣ ሰውንና ቦታውን በነጥብ፣ ግንኙነታቸውን በመስመር ይሥላል። ከዚያም ብዙ መስመር የሚያርፍበት ነጥብ የትኛው እንደ ሆነ፣ የትኛው ቢወጣ መረቡ እንደሚበጠስ ይመረምራል። በኦክስፎርድ የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ዕቃ ሰብሳቢዎቹ እርስ በርስ የነበራቸውን ትስስር አጥንተዋል።

እኛን በቅርብ የሚነካ ምሳሌ እንውሰድ። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየስፍራው ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘርፈው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጡ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ገዛ። እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌሎች ዕቃዎች በብሪቲሽ ሙዚየምና በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ከአንድ አምባ የወጣ ቅርስ በልዩ ልዩ መዝገብ ተበትኗል ማለት ነው። በመረቡ ላይ ግን «መቅደላ» የሚለው ነጥብ መልሶ ያገናኘዋል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። የቦታው ስም በአንዱ መዝገብ «ማግዳላ»፣ በሌላው «መቅደላ» ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መዝገብ ብዙ ጊዜ ከሠራው ሰው ይልቅ የገዛውን ወይም የሰጠውን ማስታወሱ ነው። ስለዚህ ገዢው በመረቡ መካከል ገኖ ይታያል። የጸሐፊውና ያስጻፈው ሰው ስም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በብራናው ውስጥ፣ በልመናው ጸሎትና በኅዳጉ ማስታወሻ ነው። ይህን አንብቦ የጎደለውን መስመር ሊጨምር የሚችለው ግእዝና አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው።

ልምምዱን ያለ ኮምፒዩተርም መሥራት ይቻላል። ተማሪዎች ከየቤታቸው ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ፤ የዕቃውን፣ የሰዎቹንና የቦታውን ስም በየካርዱ ጽፈው በሰሌዳው ላይ በክር ያያይዙ። በማሠልጠኛችን ዕጩ መምህራን ይህን ሲሠሩ እንስራውን የገዙት አያት በስም ታወቁ፤ የሠራችው ሸክላ ሠሪ ካርድ ግን ባዶ ቀረ። ባዶውን ካርድ ከሰሌዳው አታንሡት። ተማሪዎቹ ተመልሰው እንዲጠይቁ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።