ተራኪውና ትረካው፦ የካንተርበሪ ተሳላሚዎች ታሪኮች አወቃቀር

መግቢያ

በአንድ ድርሰት ውስጥ የተነገረውን ቃል ከተናጋሪው ለይቶ ማንበብ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ተማሪው ገጸ ባሕርዩ የተናገረውን ሁሉ ደራሲው ያመነበት አድርጎ ይወስዳል። ይህን ስሕተት ለማረም ከሚረዱት ሥራዎች አንዱ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ከ1387 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደከመበትና በ1400 ዓ.ም. ሲሞት ሳይፈጽመው የቀረው «የካንተርበሪ ታሪኮች» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የጉዞው ምክንያት

የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቶማስ ቤኬት በቤተ ክርስቲያን መብት ምክንያት ከንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ጋር ተጣልቶ ስለ ነበር፣ በ1170 ዓ.ም. አራት የንጉሡ ፈረሰኛ መኳንንት በካቴድራሉ ውስጥ ገደሉት። በ1173 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ። ከዚያም በኋላ መካነ መቃብሩ፣ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1538 ዓ.ም. እስከ ፈረሰ ድረስ፣ የብዙ ሕዝብ መሳለሚያ ሆኖ ኖረ።

የድርሰቱ አወቃቀር

በሚያዝያ ወር፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው በሳውዘርክ፣ ታባርድ በተባለ የእንግዶች ማረፊያ ሠላሳ ያህል ተሳላሚዎች ይገናኛሉ። ከነዚህም መካከል ፈረሰኛ ጦረኛ፣ የሴቶች ገዳም አለቃ፣ መነኩሴ፣ ነጋዴ፣ ሐኪም፣ የኦክስፎርድ ተማሪ፣ ባለወፍጮ፣ አራሽና የገጠር ቄስ ይገኛሉ። የማረፊያው ባለቤት፣ መንገዱ እንዳይሰለች እያንዳንዱ ሲሄድ ሁለት፣ ሲመለስ ሁለት ታሪክ እንዲናገር፣ ከሁሉ የበለጠውም በሌሎቹ ወጪ እራት እንዲጋበዝ ሐሳብ ያቀርባል። በዚህ ዕቅድ ከመቶ በላይ ታሪኮች መኖር ሲገባቸው፣ የተጻፉት 24 ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም ያልተፈጸሙ አሉ።

የድርሰቱ ኃይል ታሪኮቹ እርስ በርስ የሚመላለሱ በመሆናቸው ላይ ነው። ከጦረኛው ቀጥሎ መነኩሴው እንዲናገር ሲጋበዝ፣ የሰከረው ባለወፍጮ ተራውን ነጥቆ ሚስቱ ስላታለለችው ሽማግሌ አናጢ ይተርካል። ቀድሞ አናጢ የነበረው የርስት ሹም በዚህ ተቆጥቶ ስለ ተታለለ ባለወፍጮ በመተረክ ብድሩን ይመልሳል። ስለዚህ አንዱ ታሪክ ከሌላው ተነጥሎ ቢነበብ ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋል።

ግልጹ ምሳሌ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የኃጢአት ስርየት ጽሑፍ ሻጩ ነው። ይህ ሰው የአሳማ አጥንት የቅዱሳን አፅም ነው እያለ ገንዘብ እንደሚሰበስብ፣ ዘወትር ፍቅረ ንዋይን እያወገዘ የሚሰብከውም ለገንዘብ ሲል እንደሆነ ራሱ ይናዘዛል። ከዚያም ሞትን ለመግደል ስለ ወጡ ሦስት ጎበዞች ይተርካል። ጎበዞቹ ከዛፍ ሥር ወርቅ ያገኛሉ። ሁለቱ እንጀራና ወይን ሊያመጣ የሄደውን ታናሹን ሊገድሉ ይማከራሉ፤ እርሱም በወይኑ መርዝ ይጨምራል። ሁለቱ ሲመለስ ይገድሉታል፤ ወይኑንም ጠጥተው ይሞታሉ። ሻጩ ታሪኩን እንደ ጨረሰ ተሳላሚዎቹ ለአጥንቱ መባ እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ የማረፊያው ባለቤት ግን ያዋርደዋል።

እዚህ ላይ ለክፍል ውይይት የሚሆን ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ተናጋሪው ክፉ ሲሆን ትምህርቱ እውነት ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው። ቾሰር መልሱን አይሰጥም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሠርቶ በኋላ የሚያስተምረውን የገጠር ቄስ በዚያው ጉዞ ውስጥ በማስገባት ለንጽጽር ያቀርበዋል።

የቋንቋው ጉዳይ

ከ1066 ዓ.ም. የኖርማኖች ድል በኋላ በእንግሊዝ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ደግሞ ላቲን ነበር። በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ የታዘዘው በ1362 ዓ.ም. ነው። ቾሰር በሕዝቡ ቋንቋ ስለ ጻፈ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ለሙያውና ለማዕረጉ የሚስማማ አነጋገር ለመስጠት ቻለ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ መምህሩ ማንኛውንም ትረካ ሲያስተምር ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይጠቅማል፤ የሚናገረው ማን ነው? ለማን ይናገራል? ስለ ምን ይናገራል? በእነዚህ የተለማመደ ተማሪ በጣፋጭ ቃል በቀላሉ አይታለልም፤ እውነትንም ከክፉ አፍ ስለ ወጣች ብቻ አይጥላትም።