አይፈለጌ መልእክት የሚወጣበትን በር ስለ መዝጋት

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቍልቍለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደርስ ሰው፥ ባሕር በሌለበት አገር ወደብ ሲባል ይሰማል፤ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በዚያ ይገኛልና። ከዚያም ባለቤቱ ያልታወቀ፥ ወረቀቱም ያልተመረመረ ጭነት አይወጣም። በኮምፒዩተርም ዘንድ ፖርት የሚባል መተላለፊያ አለ፤ በዓይን የሚታይ ሳይሆን በቍጥር የሚለይ ነው። ኢሜይል ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሰርቨር የሚሻገርበት ቍጥር 25 ነው። ነገር ግን ይህ በር እንደ ኮምቦልቻው ወደብ ጠባቂ አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስቴል የጻፈው የኢሜይል ሥርዐት እርስ በርሳቸው ለሚተማመኑ ጥቂት ሊቃውንት የተዘጋጀ ስለ ነበረ፥ ተቀባዩ ላኪው የነገረውን ስም አምኖ ይቀበላል እንጂ ማኅተም አይጠይቅም። በቤተ ክህነት ቢሆን ማኅተምና ቍጥር የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ባላለፈ ነበር።

ከዚህም የተነሣ በአንድ መሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር በቫይረስ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ አንዲት ቃል ሳይጽፍ፥ ሌሊቱን በ25 በኩል እልፍ አእላፍ አይፈለጌ መልእክት ሲልክ ያድራል። ጕዳቱም በእርሱ ብቻ አይቀርም። ብዙ ደንበኞች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሥር ስለሚያድሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመውን ስፓምሃውስን የመሰሉ ድርጅቶች ያንን አድራሻ በጥቍር መዝገብ ይጽፉታል። በዚያን ጊዜ በዚያው አድራሻ የራሱን ሰርቨር አቁሞ በቅንነት የሚጽፍ ጎረቤትም ደብዳቤው ተመልሶ ይመጣበታል፤ የጨረታ ዋጋ ልኮ እንደ ሆነ ቀኑ ያልፍበታል። ሳያጠፋ መቀጣቱ ይህ ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፥ ዕቃን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ አስቦ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል የሚበትነውን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። መልካም ሕግ ነው። ሆኖም ሕግ የሚይዘው ያሰበውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሳያውቀው የተያዘበት የደሴ ነጋዴ ምን አሰበ ይባላል? እውነተኛው ጥፋተኛም ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ሕግ ያልደረሰበትን በር የሚዘጋው ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ብራዚል አይፈለጌ መልእክት በመላክ ስሟ ከሚነሣ አገሮች አንዷ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2012ና በ2013 የቤት ደንበኞች በ25 በኩል በቀጥታ እንዳይልኩ ከተደረገ በኋላ ከዝርዝሩ ራስ ወርዳለች። ይህ መድኃኒት የማንንም ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ አለመፈለጉም የሚወደድለት ነገር ነው። ሕዝቡም ደብዳቤ መላክ አይከለከልም፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ 587 የተባለ በር አለና፥ በዚህ የሚገባ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ ያስመዘግባል።

አንዳንዶች ግን ዛሬ 25ን የዘጋ ነገ ሌላውን ይዘጋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሳይነገር የተዘጋ በር ከብልሽት አይለይምና። በኮምቦልቻ የራሱን የደብዳቤ ሰርቨር ያቆመ ፋብሪካ፥ ወይም ተማሪዎቹን በዚህ ጥበብ የሚያሠለጥን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፥ አንድ ቀን ማለዳ ደብዳቤው ሁሉ ቆሞ ቢያገኝ ጥፋቱን በራሱ ገመድ ሲፈልግ ይውላል። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በሩን የሚዘጉ ከሆነ፥ ቀኑንና ምክንያቱን አስቀድመው በአማርኛ ጽፈው ማሳወቅ፥ ቋሚ አድራሻ ይዞ ኀላፊነቱን በፊርማው ለሚቀበል መሥሪያ ቤትም በማመልከቻው መሠረት መክፈት ይገባቸዋል። ማመልከቻውም በደሴ ተቀባይ ያግኝ፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ሰው እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መመላለስ የለበትም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ባለሙያዎችም እስከዚያው ድረስ የኢሜይል ፕሮግራማቸውን ከፍተው የመላኪያውን ቍጥር ይመልከቱ። 25 ተብሎ ቢገኝና ደብዳቤውን የሚያስተናግደው ሰርቨር 587ን የሚቀበል ቢሆን፥ መለወጡ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።