የአሩናቻላ እሳትና ጥላሸት፦ አንድ በዓል እንዴት ያበቃል?

3,500 ኪሎ ግራም የተነጠረ ቅቤ ቢነድ ምን ያህል ኃይል ይወጣዋል? እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ግራም ቅቤ ሲቃጠል ወደ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። 3,500 ኪሎ ግራም ማለት 3.5 ሚሊዮን ግራም ነው፤ በ9 ስናባዛው 31.5 ሚሊዮን ኪሎ ካሎሪ። ወደ ኤሌክትሪክ አሃድ ሲለወጥ ከ36,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብትለኩሱበት፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከአንድ ዓመት በላይ ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ቅቤ በየዓመቱ በሰው ሸክም ኮረብታ ጫፍ ላይ አውጥተው የሚያነዱ ሰዎች አሉ። ቦታው ደቡብ ሕንድ ውስጥ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የምትገኘው የቲሩቫናማላይ ከተማ ናት። ከከተማዋ ጀርባ አሩናቻላ የሚባለው ኮረብታ ቆሟል፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 814 ሜትር ነው። ከግርጌው ደግሞ ለሺቫ የተሠራ ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። የምሥራቁ በር ግንብ ብቻ 11 ደርብና 66 ሜትር ቁመት አለው።

የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ነው። ብራህማና ቪሽኑ “ማን ይበልጣል?” ብለው ተጣሉ። በዚህ መሀል ሺቫ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው የእሳት ዓምድ ሆኖ ተገለጠ። አንዱ ጫፉን ሌላው ሥሩን ሊፈልጉ ሄዱ፤ አልተገኘም። ያ የእሳት ዓምድ በርዶ ኮረብታ ሆነ፣ እሱም አሩናቻላ ነው ይባላል። በዚህ ምክንያት ቤተ መቅደሱ በደቡብ ሕንድ በአምስቱ ባሕርያት (በምድር፣ በውኃ፣ በእሳት፣ በነፋስና በሰማይ) ከሚጠሩት አምስት የሺቫ ቤተ መቅደሶች የእሳቱ ነው። ታሪኩን ሰምቶ ኮረብታውን የጠፋ እሳተ ገሞራ የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው። ድንጋዩ ግን ሌላ ይናገራል፤ በምድር ሆድ ውስጥ በጥልቀት፣ በሙቀትና በግፊት የተሠራ በጣም ጥንታዊ ድንጋይ ነው።

በዓሉ ካርቲጋይ ዲፓም ይባላል። በቤተ መቅደሱ ሰንደቅ ተሰቅሎ ይጀመራል፣ በሰባተኛው ቀን ግዙፎቹ የእንጨት ሠረገላዎች በከተማው ጎዳና በገመድ ይጎተታሉ፣ እሳቱ የሚለኮሰው በአሥረኛው ቀን ነው። ቀኑን የሚወስነው ሰማይ ነው። “ካርቲጋይ” የሚለው ስም የመጣው ፕሌያዴስ ከሚባለው የከዋክብት ዘለላ የሕንድ ስም ነው። እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸው ናቸው፤ ሕንዶች ግን ስድስት ብለው ይቆጥሯቸዋል። ጨረቃ በየ27.3 ቀኑ በእነዚህ ከዋክብት አጠገብ ታልፋለች። ሙሉ የምትሆነው ደግሞ በየ29.5 ቀኑ ነው። ታዲያ ሁለቱ መቼ ይገናኛሉ? ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሁልጊዜ ከፀሐይ ትይዩ ናት። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ፀሐይ ዐቅራብ በሚባለው ኮከብ አካባቢ ስለምትሆን፣ ሙሉዋ ጨረቃ ከትይዩው፣ ከሠውር ጋር ትውላለች። ፕሌያዴስም እዚያው ሠውር ውስጥ ነው።

ግን ግጥሚያው ሁሌ ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 እሳቱ የተለኮሰው ዲሴምበር 13 ሲሆን ጨረቃ ሙሉ የሆነችው ዲሴምበር 15 ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በዓሉ በኖቬምበር 26 ውሏል፣ በ2025 ደግሞ በዲሴምበር 3። በፀሐይ አቆጣጠር ብቻ ብታዩት በዓሉ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስላል።

የመጨረሻው ቀን ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ከአንድ መብራት አምስት መብራቶች ይለኮሳሉ። አንዱ አምላክ ብዙ መሆኑን ለማሳየት ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጥበቃ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት የሆነው የሺቫ ምስል፣ አርዳናሪሽቫራ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያው ቅጽበት ግቢው ውስጥ መብራት ይለኮሳል፣ ኮረብታው ጫፍ ላይም እሳቱ ይበራል። ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጮኻል።

ይህ እንዲሆን ግን ቅቤው መውጣት አለበት። መንገዱ ዳገትና ቋጥኝ ነው። አንድ ሰው 30 ኪሎ ቢሸከም እንኳ ወደ 117 ሸክም ይሆናል። እሳቱን የመለኮስ ባህላዊ መብት ያላቸው ፓርቫታ ራጃ ኩላም የሚባሉ የዓሣ አጥማጅ ዘር ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቀኑን የወሰኑት ከዋክብት ችግርም ይዘው ይመጣሉ። ታሚል ናዱ ዋናውን ዝናቧን የምታገኘው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ሞንሱን ነው። ልክ በበዓሉ ወቅት! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2024፣ ከእሳቱ 12 ቀን በፊት፣ ፌንጋል የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ዝናብ የኮረብታውን ጎን ናደው። ጭቃና ቋጥኝ ከግርጌው ያሉ ቤቶችን ቀበረ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ አምስቱ ልጆች ነበሩ።

ጠንካራ ድንጋይ እንዴት ይናዳል? ድንጋዩ ራሱ አይደለም የሚንሸራተተው፤ በቋጥኞቹ መሀል ያለው አፈር ነው። አፈር ደረቅ ሲሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው በሰበቃ ይያያዛሉ። ዝናቡ ሲበዛ ክፍተቶቹ በውኃ ይሞላሉ፣ የውኃው ግፊት ቅንጣቶቹን ይለያያቸዋል፣ ሰበቃው ይቀንሳል። የአፈሩ ክብደት ደግሞ ጨምሯል። በዚህ ላይ የሺዎች እግር ሲረግጠው አስቡት። ለወትሮው በቁጥር የተወሰኑ ምእመናን በበዓሉ ዕለት ወደ ጫፉ እንዲወጡ ይፈቀድላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ኮረብታውን ከመረመሩ በኋላ ሕዝቡ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ ጋኑንና ቅቤውን የሚያወጡት ሰዎች ብቻ ወጡ። አንዳንዱ ምእመን ቅር ብሎት ነበር። እኔ ግን ውሳኔው ልክ ነበር ባይ ነኝ፤ ሥርዓቱም አልተቋረጠ፣ ሰውም አልተጎዳ።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። ጋኑ የመዳብ ነው፣ ቁመቱ የአንድ ሰው ቁመት ያህላል። የሚነደው ለምን ቅቤ ሆነ ብትሉ፣ ለምን “የተነጠረ” እንደሆነ መጠየቅም አለባችሁ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ከመቶ 16 እጅ ገደማ ውኃ አለ፤ እሳት ሲነካው ይንጣጣል እንጂ በደንብ አይነድም። እናታችሁ ቅቤ ስታነጥር የሚሰማው ጭስስ የሚል ድምፅ ውኃው ሲወጣ ነው። ድምፁ ሲያልቅ የቀረው ንጹሕ ስብ ነው ማለት ይቻላል።

ስቡ ግን ብቻውን ክብሪት ቢጫርበት አይያያዝም። ክር ይፈልጋል፣ እንደ ኩራዝ። ለዚህ ጋን ክር የሚሆነው ከ1,000 ሜትር በላይ የጥጥ ጨርቅ ነው። የቀለጠው ቅቤ በጨርቁ ቀጫጭን ክሮች መሀል ራሱን እየሳበ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ተንኖ ጋዝ ይሆናል፣ የሚነደውም ጋዙ ነው። መዳቡም ሥራ አለው፦ ሙቀት ቶሎ ስለሚያሳልፍ ከላይ ያለው እሳት ጎኑን አግሎ ከሥር የረጋውን ቅቤ ያቀልጠዋል።

ብርሃኑ ምን ያህል ርቀት ይታያል? ምድር ክብ ስለሆነች ሩቅ ያለ ሰው ጋር ሲደርስ ይደበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ3.57 አባዙ፣ መልሱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ኮረብታው ከዙሪያው ሜዳ በላይ 600 ሜትር ከፍ ይላል ብንል 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በተግባር ግን በብዛት የሚነገረው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቀሪውን ጭጋግ፣ ደመናና የከተማ መብራት ይበሉታል።

ለብዙ እንግዳ በዓሉ እዚህ ያበቃል፣ አውቶቡስ ይዞ ይሄዳል። ለቤተ መቅደሱ ግን ገና ነው። እሳቱ ለ11 ቀን ያህል በየምሽቱ ይነዳል። በሚቀጥሉት ሦስት ምሽቶች የአማልክቱ ምስሎች በመብራት ባጌጠ ታንኳ ላይ ተደርገው አያንኩላም በሚባለው የውኃ ገንዳ ላይ ይዞራሉ። የሺቫም ምስል ራሱ ኮረብታውን ይዞራል። ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምእመናኑ በሌሎቹ ወራት በሙሉ ጨረቃ በባዶ እግር የሚሄዱበት መንገድ።

በመጨረሻ ጋኑ ባዶ ሆኖ ይወርዳል። ባዶ ያልኩት በልማድ ነው፤ ውስጡ ጥላሸት አለ። ያ ጥላሸት አይጣልም። ተሰብስቦ ይቀመጥና፣ በቀጣዩ የታሚል ወር በሚከበር ሌላ በዓል መጀመሪያ የሚጨፍረውን ሺቫ ምስል ይቀቡበታል፤ ከዚያ ለምእመናኑ ይታደላል፣ ግንባራቸውንም ይነኩበታል።

እንዴት እዚያ ሊገኝ ቻለ? የቅቤው ጋዝ ነበልባሉ ውስጥ ሲገባ በቂ ኦክስጅን አያገኝም፣ ስለዚህ ከፊሉ ካርቦን ሳይቃጠል ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል። ቅንጣቶቹ ግለው ያበራሉ፤ የነበልባል ቢጫ ቀለም የእነሱ ነው። ወደ ጠርዙ ሲደርሱ አብዛኞቹ ይቃጠላሉ። ያመለጡት ቀዝቅዘው ጋኑ ላይ ይለጠፋሉ። ሕዝቡ ከሜዳው ሆኖ እጁን የዘረጋለት ቢጫ ብርሃንና ከሳምንታት በኋላ በጣቱ ግንባሩን የሚነካበት ጥቁር ዱቄት የተሠሩት ከአንድ ዓይነት የካርቦን ቅንጣት ነው፤ አንዱ ሲግል፣ ሌላው ሲበርድ።